ከተነቀለች ጥርሴ የተሠራው የአጥንት መሙያ፦ እንዴት አገኘሁት?

ይህን ጽሑፍ ሆን ብዬ አዘግይቼዋለሁ። የአጥንት ነገር በሳምንትና በወር አይፈረድም። አሁን ግን ከዓመት በላይ ስለሆነው በልበ ሙሉነት መናገር እችላለሁ። ከአፌ የተነቀለች ጥርስ ተፈጭታና ታጥባ፣ የድድ በሽታ አጥንቱን የበላው ቦታ ላይ ተሞልታለች። ሕክምናውን ወድጄዋለሁ። ለሰው እመክረዋለሁ ወይ? አዎ፤ ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ደግሞም በጣም የወደድኩት መሙያውን አይደለም፤ ከመሙያው በፊት የተሠራውን ሥራ ነው።

ጉዳዩ ያለው ታችኛው መንጋጋዬ ላይ በግራ በኩል ነው። የመጨረሻዋ ጥርስ፣ ዊዝደም ቱዝ የሚሏት፣ አጋድላ ነው የበቀለችው። ግማሽ አካሏ ድድ ውስጥ ነበር። ከፊቷ ያለችው መንጋጋ ጥርስ ላይ ተደግፋ፣ በሁለቱ መካከል ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ፈጠረች። እዚያ ጥግ ውስጥ የተከማቸው ቆሻሻ የፊተኛዋን ጥርስ አጥንት ቀስ በቀስ በላው።

ሕመም አልነበረኝም። ይህን አስምሩበት። ስቦርሽ ደም አያለሁ፣ ጠዋት ስነሳ አፌ መጥፎ ጣዕም አለው፣ ምግብ ይሰገሰግብኛል፤ ሕመም ግን የለም። የድድ በሽታ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሠራው። ጥርስ ላይ የሚለጠፈው የባክቴሪያ ሽፋን ካልተጠረገ ይጠነክርና ወደ ድድ ሥር ይወርዳል። ሰውነት ሊከላከለው ሲሞክር ድዱ ይቆጣል። ቁጣው ሲሰነብት ደግሞ ጥርሱን አቅፎ የያዘው ጅማትና አጥንት ይጎዳል። ሲጋራና ቁጥጥር የሌለው የስኳር በሽታ ነገሩን ያባብሱታል። በዚህ መንገድ የሄደ አጥንት ዝም ብሎ ተመልሶ አይበቅልም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ራጁን አይተው “ሁለቱንም እንንቀልና ኢምፕላንት እናስገባ” አሉኝ። ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መጥፎ ነው አልልም፤ ጥርሱን ላጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ግን ድዴን ሳይለኩ፣ ጥርሷ ትነቃነቅ እንደሆነ በጣታቸው እንኳ ሳይነኩ ነው የወሰኑት። ጥርሷ ደግሞ ንቅንቅ አትልም ነበር። ቅር ብሎኝ ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ሐኪም በድድ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረጉ ናቸው። ሥራቸውን የጀመሩት በመለካት ነው። ሚሊሜትር የተቀረጸባት ቀጭን ዘንግ አለች፤ በጥርስና በድድ መካከል ትገባለች። ጤናማ ድድ ላይ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ገብታ ትቆማለች። ከ4 ጀምሮ ኪስ ተፈጥሯል ይባላል። እያንዳንዱን ጥርስ ዙሪያውን ስድስት ቦታ ለኩ፤ ረዳታቸው እየተከተለች ጻፈች። ብዙዎቹ ጥርሶቼ 4 እና 5 ነበሩ። ያቺ አጥንቷ የተበላባት ጥርስ ከኋላዋ በኩል 8 ሆነች። “አጥንቱ ተቦርቡሯል፤ ግን ሥራ የሚያሠራ ጉድጓድ ነው” አሉኝ።

ያኔ ያልገባኝ ይህ “ሥራ የሚያሠራ” የሚለው ነገር የሕክምናው ልብ ነው። አጥንት በሁለት መንገድ ይጎድላል። አንዱ ዙሪያውን እኩል ዝቅ የሚለው ነው፤ እዚያ ላይ መሙያ ብታስቀምጡ የሚይዘው ነገር የለም። ሌላው በጥርሱ ሥር ጎን ቁልቁል የሚቦረቦረው ነው። ይህኛው ጠባብና ጥልቅ ከሆነ፣ ዙሪያው የአጥንት ግድግዳ ከቀረለት፣ መሙያው እዚያው ይቆያል፤ ደምና አዲስ ሕዋስም ከግድግዳዎቹ ይመጣለታል። የእኔ በጉንጭም በምላስም በኩል ግድግዳ ነበረው። ዕድለኛ ነኝ ማለት ይቻላል።

የተፈጨው ጥርስ ወዲያው የሚገባ መስሎኝ ነበር። ሐኪሜ ግን አልቸኮሉም። መጀመሪያ ከድድ ሥር ያለውን ሁሉ በማደንዘዣ ጸዳሁ። ጥርሶቼ መካከል የሚገቡ ትናንሽ ብሩሾችን በመጠን በመጠናቸው መርጠው ሰጡኝ፤ መስታወት አስይዘውም አለማመዱኝ። ከዚያ ለወራት ጠበቅን። “ሥሩ ካልጸዳ፣ እርስዎም በየቀኑ ካላጸዱት፣ ምንም ብንጨምርበት ዋጋ የለውም” አሉኝ። የአውሮፓ የፔሪዮዶንቶሎጂ (የድድ ሕክምና) ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ጽዳት፣ ከዚያ እንደገና መለካት፣ ከዚያ በኋላም ጥልቅ ኪስ ከቀረና የአጥንቱ ጉድጓድ 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ቀዶ ሕክምናው።

እንደገና ስንለካ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥርሶቼ ወደ 3 ወርደዋል። ያለ ቀዶ፣ ያለ መሙያ፣ በጽዳት ብቻ! ይህን ለማንም ደስ ብሎኝ እናገራለሁ። ያቺ ጥርስ ብቻ 7 ላይ ቀረች። እሷንም እያጋደለች የምትገፋትን የመጨረሻዋን ጥርስ ሳንነቅል ሌላ መንገድ አልነበረም። መነቀሏ ካልቀረ ደግሞ ለምን ትጣላለች? ሐሳቡ የመጣው ከዚህ ነው።

ምርጫዎቹን ቁጭ ብለው አስረዱኝ። ከራስ መንጋጋ ሌላ ቦታ አጥንት መውሰድ ይቻላል፤ ግን ሁለተኛ ቁስል ይፈጥራል። ከለጋሽ ሰው የተወሰደና የተዘጋጀ አጥንት አለ። ከከብት አጥንት የሚዘጋጅ አለ። ከካልሲየም ፎስፌት በፋብሪካ የሚሠራ አለ። ከአሳማ ጥርስ እንቡጥ የሚወጣ፣ ሥሩ ላይ የሚቀባ የፕሮቲን ጄልም አለ፤ ይህኛው ብዙ የተጠናና በመመሪያውም የተደገፈ ነው። የራስ ጥርስ ከእነዚህ ሁሉ ጎን የቆመ አንድ አማራጭ ነው። ከሌላ ሰውም ከእንስሳም የመጣ ነገር አፉ ውስጥ እንዲገባ የማይፈልግ ሰው ይህን ቢመርጥ ይገባኛል። እኔን ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው።

ጥርስ እንዴት አጥንት ሊሆን ይችላል ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱ አስደነቀኝ። የጥርስ አብዛኛው አካል ኢናሜል የሚባለው ነጩ የላይ ሽፋን አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ዴንቲን ነው። ዴንቲን በክብደት ወደ 70 ከመቶው ማዕድን፣ ወደ 20 ከመቶው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን የሆነ ኦርጋኒክ ነገር፣ የቀረው ውኃ ነው። አጥንትም የተሠራው ከእነዚሁ ነገሮች ነው፤ መጠኑም ይቀራረባል። በዚያ ላይ ዴንቲን ውስጥ ሕዋሶችን አጥንት እንዲሠሩ የሚቀሰቅሱ ፕሮቲኖች ተቀብረው ይገኛሉ። ይህ የትናንት ወሬ አይደለም። ማርሻል ዩሪስት የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1965 ማዕድኑ የወጣለት አጥንት ጡንቻ ውስጥ ሲቀመጥ እዚያው አዲስ አጥንት እንደሚያበቅል አሳየ። በ1967 ደግሞ እሱና ባልደረቦቹ ዴንቲንም ይህንኑ እንደሚያደርግ አተሙ። በጃፓንና በደቡብ ኮሪያ ያሉ ሐኪሞች ነገሩን ወደ ጥርስ ሕክምና ክፍል ያመጡት ብዙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ወዲህ ነው።

እህቴ ስነግራት ፊቷን አጨማደደች። “የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ? ኧረ በስመአብ!” አለችኝ። የዝግጅቱን ሂደት ስነግራት ግን ዝም ብላ አዳመጠች። እናንተም ብትሰሙት አይከፋም።

የመጨረሻዋ ጥርስ በማደንዘዣ ተነቀለች። አሳዩኝ፤ ሥሯ ላይ የተጣበቀ ቀይ ጅማትና ጠቆር ያለ የደረቀ ቆሻሻ ነበረባት። እሱን ሁሉ በመሰርሰሪያ ላጡት። አንድ ትንሽ የተቦረቦረ ቦታ ነበራት፤ የበሰበሰው ክፍል እስኪያልቅ ተፋቀ። ከዚያ ደረቀችና አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ የሚጣል ንጹሕ መፍጫ ውስጥ ገባች። መፍጨቱ ጥቂት ሰከንድ ነው። ከሥሩ ያለው ወንፊት የሚፈለገውን መጠን ይለያል፤ ከ0.3 እስከ 1.2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን። በጣም ከደቀቀ ሰውነት ቶሎ ያጠፋዋል፤ በጣም ከተለቀ ደግሞ ደም ሥር በመካከሉ ለማለፍ ይቸገራል። ከዚያ ባክቴሪያና የሞተ ሥጋ የሚያሟሟ የሶዲየም ሃይድሮክሳይድና የአልኮል ድብልቅ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ተዘፈዘፈ። በመጨረሻም በጨው ውኃ ታጠበ። ሌሎች ሐኪሞች ከማዕድኑ የተወሰነውን በአሲድ የሚያወጡበት ዘዴም አለ፤ የተቀበሩት ፕሮቲኖች እንዲገለጡ ነው።

ጥርሷ እስክትዘጋጅ መጠበቁ ለእኔ ከሁሉም የከበደው ነበር። ድዴ ተከፍቶ፣ አፌ በጥጥ ተሞልቶ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ። ሐኪሜ ጊዜውን አላባከኑትም። የታመመችውን ጥርስ ሥር በዓይናቸው እያዩ ጠረጉ። ጥርሴን አዳናት ብዬ የማምነው የዚያን ጊዜው ጥረጋ ነው፤ መሙያው ተከትሎ የመጣ ረዳት ነው።

ከትንሿ ጥርስ የወጣው መሙያ ከገመትኩት በላይ ነበር። በደሜ ሲርስ እርጥብ አሸዋ መሰለ። ጉድጓዱ ውስጥ በቀስታ ጠቀጠቁት፤ አጭቀው አልሞሉትም። ከላይ የኮላጅን ሜምብሬን፣ ማለትም ስስ ሽፋን፣ አለበሱትና ሰፉት። ሜምብሬኑ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠይቄያለሁ። የድድ ቆዳ በፍጥነት ያድጋል፤ አጥንትና ጅማት ዝግተኞች ናቸው። ቆዳው ቀድሞ ወደ ጉድጓዱ ከወረደ ቦታውን ይይዘዋል፣ አጥንቱም ይቀራል። ሜምብሬኑ ለዘገምተኞቹ ጊዜ ይገዛላቸዋል። ይህ መርህ በሰው ላይ መሞከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዛሬም የሕክምናው ምሰሶ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ቀዶውን በዚህ ጥንቃቄ የሠራ ክሊኒክ ከቀዶው በኋላ ላለው ጊዜ የሰጠኝ ወረቀት ለተራ ጥርስ መንቀል የተጻፈ ነው። ስለ መሙያው አንድ ቃል የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምላሴ ላይ ሻካራ ፍሬዎች አገኘሁ። ደነገጥኩ። የተሞላው ሁሉ እየፈሰሰ መሰለኝ። ስልክ ደወልኩ፤ ቅዳሜና እሁድ የሚያነሳ የለም። ሰኞ ሐኪሜ አዩኝና ጥቂት ፍሬ መውጣቱ የሚያጋጥም ነገር እንደሆነ፣ ስፌቱ እስካልተከፈተ ድረስ እንደማያሳስብ ነገሩኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው! ወረቀቱ ላይ ቢኖር ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አላጣም ነበር። እንዲህ ያለ ሕክምና የሚሰጥ ማንኛውም ክሊኒክ የራሱ የተለየ መመሪያ ሊኖረው ይገባል። ይህን ቀለል አድርጌ አላየውም። የታመመ ሰው ፍርሃትም የሕክምናው አካል ነው።

ሌላው ሁሉ የሚቻል ነበር። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ባሰ፣ ከዚያ ቀነሰ። ሕመሙ ከጠበቅኩት ያነሰ ነው። ክሎርሄክሲዲን የተባለው መጉመጥመጫ ጥርሴን አጠቆረው፤ የምግብ ጣዕምም አጠፋብኝ። ሁለቱም ስተወው ተመለሱ። አስተማሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እናገራለሁ። ስፌት አፍ ውስጥ እያለ ማስተማር አይመከርም፤ ከንፈርና ጉንጭ ሲሳብ ስፌቱም ይሳባል። ሥራችሁ የንግግር ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። በዚያ በኩል መቦረሽም ማኘክም ለሳምንታት ክልክል ነው። የሚያጨስ ሰው ካላቆመ ይህን ሕክምና ባይጀምረው ይሻለዋል፤ ማጨስ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል፣ ውጤቱንም ይቀንሳል።

ስለ ራጅ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሊታለል ይችላል። ቀዶው እንዳለቀ የተነሳው ራጅ ላይ ጉድጓዱ ነጭ ሆኖ ታየ። ረዳቷ በደስታ “ይኸው ሞላ!” አለች። ሐኪሜ ፈገግ ብለው አረሟት። ነጭ ሆኖ የታየው አጥንት ሳይሆን የተፈጨው ጥርስ ነው፤ ዴንቲን ራሱ ራጅ ላይ ነጭ ነው። ስለዚህ በማግስቱ የተነሳ ራጅ ይዞ “አጥንት አበቀልን” የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትመኑ። ፍሬዎቹ ቀስ በቀስ እየተበሉ በአጥንት መተካታቸው ወራትን አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ዘንጓን እንኳ አያስገቡም፤ ገና እየተያያዘ ያለውን እንዳይረብሹ።

ታዲያ ምን አገኘሁ? ከዓመት በኋላ 7 የነበረው ኪስ 3 ሆኗል። ሲለኩት አይደማም። ራጁ ላይ የመሙያው ፍሬዎች ከአካባቢው አጥንት ጋር ተቀላቅለው ጠርዛቸው ደብዝዟል። ምግብ መሰግሰግ ቀረ፣ የጠዋቱ ጣዕምም ጠፋ። ደስ ያላለኝ ነገርም አለ። ድዱ ትንሽ ወደ ታች ሸሽቷል። የሥሩ አንገት ተገልጦ ቀዝቃዛ ነገር ይሰማኛል። ይህ ከድድ ቀዶ በኋላ የተለመደ ነው፤ ሐኪሜም ቀድመው ነግረውኛል። ለጥርሴ መትረፍ የከፈልኩት እሱን ከሆነ ቅር አይለኝም።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ለጥርሱ ዱቄት አልሰጠውም። በዚህ መሙያ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ ጥርስ የተነቀለበትን ጉድጓድ ለኢምፕላንት ስለማዘጋጀት ናቸው። በድድ በሽታ የተቦረቦረ አጥንት ላይ የተሠሩት ጥቂትና ትናንሽ ናቸው። ከሌሎቹ መሙያዎች ጋር የሚወዳደር ይመስላል እንጂ በእጅጉ ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ጥርሴን የያዛት አዲስ አጥንትና አዲስ ጅማት ይሁን ጠባሳ ብቻ፣ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ካላዩት በቀር ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። ሐኪሜ ይህንን ከቀዶው በፊት ነው የነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው።

አገልግሎቱን በኮከብ ስጪ ብባል ከ5ቱ 4 እሰጣለሁ። ሐኪሜን ብቻ ቢሆን 5 ነበር። አንዷን ኮከብ የወሰደባቸው ያ ወረቀትና የማይነሳው ስልክ ነው።

ለማን ይሆናል? መነቀል ያለበት ጥርስ ላለው፣ ጉድጓዱም ጠባብና ግድግዳ ያለው ለሆነ፣ አፉን ለማጽዳት ለተዘጋጀ ሰው። ጤናማ ጥርስን ለመሙያ ብሎ መንቀል አይገባም። ማንም ሐኪም እንዲህ ካላችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። የነርቭ ሕክምና የተሠራለት ጥርስም አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም፤ ውስጡ የተሞላው ባዕድ ነገር አብሮ ይፈጫልና። ሰው ሠራሽ ሙሌት ወይም ሽፋን ያለበት ከሆነ እሱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። አንድ ጥርስ ብዙ ቦታ እንደማይሞላም አስቡ።

አሁን በየሦስት ወሩ እየሄድኩ አጸዳለሁ። እዚያው ክሊኒክ ነው። በየጊዜው ያቺን ጥርስ ይለኳታል፣ ረዳቷም ትጽፋለች።

እናንተም የሚነቀል ጥርስ ካላችሁና ሌላ ቦታ ላይ አጥንት ጎድሎባችሁ ከሆነ፣ ጥያቄውን ከመንቀሉ ቀን በፊት አንሱት። መፍጫው፣ ማጠቢያ ፈሳሹና ሜምብሬኑ ቀድሞ መዘጋጀት አለባቸው። ከተነቀለ በኋላ ብትጠይቁ ጥርሱ ከሕክምና ቆሻሻ ጋር ተጥሎ ታገኙታላችሁ።